ለቆረቆር ቅባት አይበቃም

እህቴ፣ የ5 ዓመት ልጅሽ ራስ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ጸጉሩ እንደተሰባበረ፣ ቅርፊት እንደያዘና አንድ ወር ሙሉ ቅባት ብትቀቢውም እንዳልለቀቀው ጽፈሻል። የገለጽሽው የቆረቆር ምልክት ነው። ላሽ ቢሆን ኖሮ ቦታው ልስልስ ይል ነበር፣ ቅርፊትም አይኖረውም። እኛ አገር ቆረቆርን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባል ፈንገስ ነው። የሚራባው ጸጉሩ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ ቅባት አይደርስበትም።

1. መጀመሪያ የቱቦውን ጽሑፍ አንብቢ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት (ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው) ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ብዙ ልጆች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ፈንገስ ማጥፊያ፣ አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት ቅባት የልጁ ራስ እንኳ ሳይታይ ከመድኃኒት ቤት ይሸጣል፤ ይህ በጣም የሚያናድድ ልማድ ነው። ስቴሮይዱ ማሳከኩንና መቅላቱን ስለሚያጠፋ እናት የዳነ ይመስላታል። የሰውነትን መከላከል ስለሚያደክም ግን ፈንገሱ ከሥር ይሰፋል። ስታቆሚው ለጥቂት ቀናት ብሶ ሊታይ ይችላል፤ ተደብቆ የነበረው ነው የሚወጣው፣ ደንግጠሽ እንዳትመለሺበት። ነጭ ሽንኩርትና ላምባም ይቅሩ፤ ቆዳ ያቃጥላሉ።

2. የቆዳ ሐኪም ጋ ስትሄጂ የኬ.ኦ.ኤች ምርመራ ጠይቂ፤ ናሙናው ላይ ኬሚካል ጨምረው ፈንገሱን በማይክሮስኮፕ የሚያዩበት ነው። የሚፈለገው ከቁስሉ ዳር የተፋቀ ቅርፊትና የተሰበረው ጸጉር ጉቶ ነው፤ ረጅም ጸጉር ቆርጦ መላክ ምንም አያሳይም። ጨለማ ክፍል ውስጥ «ዉድ» በሚባለው፣ አንዳንድ ፈንገስን በሚያበራ ልዩ መብራት አይተው «አያበራም፣ ፈንገስ አይደለም» ቢሉሽ አትቀበዪ። ቫዮላሲየም ድሮም አያበራም።

3. የሚያድነው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ግሪሲዮፉልቪን ከሆነ መጠኑ በቀን በኪሎ ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ነው። 18 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 360 አካባቢ ይመጣል፣ ማለትም ባለ 125ቱን ሦስት ፍሬ። ልጁ ሳይመዘን ከተጻፈልሽ «ይመዘንልኝ» በዪ፤ በኪሎ 10 ተሰጥቶት ሳይድን የሚቀር ብዙ ነው። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ሰውነት በደንብ አይመጥጠውም፤ ከወተት፣ ከእንቁላል ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋር ስጪው። የጉበት ችግር ካለበት አስቀድመሽ ተናገሪ። ተርቢናፊን ከታዘዘለት ደግሞ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በቀን 62.5 ሚሊግራም ነው፣ የባለ 250ው ሩብ፤ ለዚህ ፈንገስ ብዙ ጊዜ 4 ሳምንት ይበቃዋል። ግሪሲዮፉልቪን ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ከፈንገሱ የሚከላከለው አዲስ የሚበቅለውን ጸጉር ነው፣ የታመመው አድጎ እስኪወጣ መቆየት አለበት። ጸጉር በወር አንድ ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ በሁለተኛው ሳምንት ማሳከኩ ቆመ ብለሽ ብታቋርጪ ተመልሶ ይመጣል።

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ጆሮው አካባቢ፣ ደረቱና ክንዱ ላይ ትንንሽ የሚያሳክኩ ሽፍታዎች ሊወጡ ይችላሉ። ብዙ እናቶች አለርጂ ነው ብለው መድኃኒቱን ያቆማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰውነት ለፈንገሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ ለሐኪሙ አሳዪው እንጂ በራስሽ አታቁሚ። ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ግን ያ ሌላ ነው፣ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ራሱ ላይ አብጦ ልል የሆነና መግል የያዘ እብጠት ከወጣ ማንም እንዳይበጣው። እሱም ከፈንገሱ የመጣ ስለሆነ በአንቲባዮቲክ ብቻ አይድንም፤ ከዘገየ ጠባሳ ሆኖ ጸጉር የማይበቅልበት ቦታ ይተዋል። ለነገ ሳትይ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ቤት ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ራሳቸው ይታይ፤ ምንም ሳይታይባቸው የሚያስተላልፉ አሉ። 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ፣ አረፋውን 5 ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ፣ ለታመመውም ለእነሱም። ሻምፑው መተላለፉን ይቀንሳል እንጂ ብቻውን አያድንም። ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ትራስ ለየብቻ ይሁን። ጸጉር ቤት የሚዞረውን ማሽን ተዪው፤ መላጨት በራሱ አያድንም፣ ማሽኑ ግን ለሌላው ልጅ ያደርሰዋል። መድኃኒትና ሻምፑ ከጀመረ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል፤ መምህሯ ካስቸገረች ከሐኪሙ ወረቀት አጽፊ።

ከመጨረሻው ሳምንት በፊት እንደገና ይፋቅና ይታይ። ቅርፊት ካለ ወይም ምርመራው ፈንገስ ካሳየ ጸጉሩ ቢበቅልም መድኃኒቱ ይቀጥላል።