ደንቡን ከመጻፍህ በፊት ጥቆማውን ማን እንደሚያነበው ወስን

«ድርጅታችን 80 ሠራተኛ አለው። ሥራ አስኪያጁ የሥነ ምግባር ደንብ አውጣ፣ ሠራተኛው ሕግ አክብሮ እንዲሠራም አሰልጥን ብሎኛል። ከየት ልጀምር?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች የደንብ ናሙና ልከውልሃል። ጥሩ ነው፣ ያዘው። እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ የሠራሁት ስህተት አንዲት ልጅን ሥራዋን አሳጥቷታል። አንተ እንዳትደግመው ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልህ።

1. ደንቡን አታርዝመው። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ 64 ገጽ የሥነ ምግባር መመሪያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2001 በሒሳብ ማጭበርበር ሲፈርስ መመሪያው ምንም አልፈየደለትም። የእኔም የመጀመሪያ ደንብ 40 ገጽ ነበር። ሠራተኛው የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ፣ ፈርሞ መለሰልኝ። አሁን የምጠቀምበት 9 ገጽ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምረው በጥያቄ ነው። አቅራቢ ስጦታ ይዞ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ? የእህትህ ልጅ ለቅጥር ቢወዳደርስ? አለቃህ ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብለህ ፈርም ቢልህስ? ስልጠናውንም በእነዚሁ ጥያቄዎች ስጥ። ሰው የሚነቃው ያኔ ነው።

2. ለእያንዳንዱ ሕግ ባለቤት መድብለት። ግብር፣ የሠራተኛ ሕግ፣ የደንበኞች መረጃ፣ የሥራ ላይ ደህንነት፣ የፈቃድ እድሳት፤ ማን ይከታተለዋል፣ መቼ ይታያል፣ አንድ ሠንጠረዥ ላይ አስፍር። «የሁላችንም ኃላፊነት ነው» የተባለ ነገር የማንም አይሆንም። ይህን በሳምንት ትጨርሰዋለህ።

3. የጥቆማ መንገድ አብጅ። ይህን ሁሉም ይነግርሃል፤ ልክም ናቸው። የተመሰከረላቸው የማጭበርበር መርማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ ከተደረሰባቸው ማጭበርበሮች 43 በመቶው የታወቁት በጥቆማ ነው። ከጥቆማዎቹም ከግማሽ በላይ የመጡት ከራሱ ከድርጅቱ ሠራተኞች ነው። የማይነግሩህ ግን ጥቆማው ማን እጅ እንደሚገባ ነው።

እኔ ምን አደረግኩ መሰለህ? የኢሜይል አድራሻ ከፈትኩ። የሚመጣው መልእክት ለሦስት ሰው እንዲደርስ አደረግኩ፦ ለእኔ፣ ለሰው ሀብት ኃላፊውና ለፋይናንስ ኃላፊው። ትልልቅ ኃላፊዎች ስላሉበት ሰው ያምነዋል ብዬ ነበር። አድራሻውን በየኮሪደሩ ለጠፍኩት።

በአራተኛው ወር አንዲት የግዥ ክፍል ሠራተኛ ጻፈች። ስሟን አልጠቀሰችም። ለአንድ ግዥ የቀረቡ ሦስት ፕሮፎርማዎችን ፎቶ አንስታ አያይዛለች። የሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ማኅተም አለባቸው። ግን «ማቅረቢያ» የሚለው ቃል ሦስቱም ላይ «ማቀረቢያ» ተብሎ ተጽፏል። ፕሪንተር ቀለሙ ሲበላሽ የሚጥላት ቀጭን ጥቁር መስመር ሳትቀር በሦስቱም ወረቀት ቀኝ ጠርዝ ላይ አለች። ሳየው ክው አልኩ። አንድ ሰው አንድ ማሽን ላይ ቁጭ ብሎ ነው ሦስቱንም ያወጣቸው።

ልጅቷ ታዲያ «ማክሰኞ ከሰዓት ፋይሉን ሳደራጅ ነው ያየሁት» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምራ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ያንን ፋይል ፈርሞ የወሰደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷ። የግዥ ክፍሉ ደግሞ ተጠሪነቱ ለማን ይመስልሃል? ለፋይናንስ ኃላፊው። መልእክቱን እኔ ባነበብኩበት ሰዓት እሱም አንብቦታል። በሁለተኛው ቀን «ለሥራው ቅልጥፍና» በሚል ደብዳቤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። ወር ሳይሞላ ለቀቀች።

የሕግ ክፍል ኃላፊው ጋ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት በር ላይ አስጠበቀኝ። ገብቼ ስነግረው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም። «ስም የሌለው ወሬ ይዘሽ ትመጫለሽ? ዝውውር የአስተዳደር መብት ነው። ሌላ ካለሽ በጽሑፍ አስገቢ» አለኝ። በጽሑፍ አስገባሁ። እስከ ዛሬ መልስ የለውም። እኔን ያበገነኝ በር ላይ መቆሜ አይደለም። የድርጅቱን ገንዘብ ልታድን የሞከረችውን ልጅ «ወሬ» ብሎ መጥራቱ ነው።

ከዚያ በኋላ 11 ወር ሙሉ አንድ ጥቆማ አልመጣም። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ «ንጹሕ መሆናችንን ያሳያል» ብሎ ሲናገር አንገቴን ደፋሁ። ሰው ያየውን አይቶ አፉን ዘግቶ ነው። በዓመቱ የውጭ ኦዲተሮች መጥተው እነዚያኑ ፕሮፎርማዎች አገኟቸው። ለልጅቷ ደወልኩላት። «ተይው በቃ፣ አሁን ደህና ነኝ» አለችኝ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክ ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው ሒሳብ በመከፈቱ እ.ኤ.አ. በ2016 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። የሥነ ምግባር የስልክ መስመር ነበረው። ደውለን ከጠቆምን በኋላ ተባረርን ያሉ ሠራተኞች በአደባባይ ወጥተው ተናግረዋል።

አሁን ወዳለሁበት ድርጅት ስቀጠር ይህ ካልተፈቀደ አልጀምርም አልኩ። ጥቆማው የሚደርሰው ለእኔና ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢ ብቻ ነው። እኔን የሚመለከት ከሆነ በሌላ አድራሻ ለሰብሳቢው ብቻ ይሄዳል። ዋናውን መልእክት ለማንም አላስተላልፍም። መርማሪው የሚያየው እኔ እንደ አዲስ የጻፍኩትን ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የአነጋገር ዘይቤ፣ ጠቋሚውን የሚያሳብቅ ሁሉ ወጥቶ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የጠቋሚዎች ጥበቃ ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች የውስጥ የጥቆማ መንገድ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ጥቆማው መድረሱን በ7 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ምን እንደተደረገም በ3 ወር ውስጥ መንገር ግዴታ ነው። ሕጉ አንተን ባይመለከትህም ቀኖቹን ተዋሳቸው። ሰው ዝም ሲባል ነው ተስፋ የሚቆርጠው።

ከሁሉም በላይ የምኮራበት ግን ይሄ ነው። ስሙን የነገረኝን እያንዳንዱን ጠቋሚ በ30ኛው፣ በ90ኛውና በ180ኛው ቀን እከታተላለሁ። የሥራ አፈጻጸም ነጥቡ ወረደ? ተዛወረ? ፈቃድ ተከለከለ? ከሆነ አለቃው ምክንያቱን ለኦዲት ኮሚቴው ያስረዳል። አንድ የክፍል ኃላፊ በዚህ ምክንያት የሰጠውን ዝውውር ለመሰረዝ ተገዷል።

በመጀመሪያው ዓመት 3 ጥቆማ መጣ፣ በሁለተኛው 17። ሥራ አስኪያጁ «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ችግር በዛ» ብሎ ተቆጣኝ። ችግሩ ቀድሞም ነበር፣ አሁን ነው የሰማነው አልኩት። ከ17ቱ 6ቱ ስማቸውን ጽፈው ነው የላኩት። ያን ዝርዝር ሳየው ያቺ የግዥ ክፍል ልጅ ትዝ አለችኝ።

4. ስለ ስጦታ መዝገብና ስለ ጥቅም ግጭት ፎርም ልጽፍልህ ነበር፤ ናሙናዎቹ ላይ ስላለ ተውኩት። አንተ ሰኞ ሥራ አስኪያጅህ ጋ ግባና አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ «ጥቆማው እርስዎን የሚመለከት ቢሆን ማን ያንብበው?» መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ካልሰጡህ አድራሻውን ግድግዳ ላይ አትለጥፍ።