መልስ፦ ሊድስ ላይ ቢቢሲ ይገባል፣ ሌሎቹ ግን የሉም

ወንድሜ፣ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ውስጥ አንዳንድ ቻናሎች አልገባ አሉኝ ላልከው፣ ቴሌቪዥኑን ለመቀየር አትቸኩል። ቢቢሲና አይቲቪ ጥርት ብለው እየገቡ ሌሎቹ የፍሪቪው (በብሪታንያ በአንቴና በነጻ የሚገባው የቴሌቪዥን አገልግሎት) ቻናሎች ከጠፉብህ፣ አንቴናህ ወደ አንድ ትንሽ የሰፈር ማሰራጫ ዞሮ ይሆናል። ብዙዎቹ ትንንሾች ከስድስቱ ዋና ዋና የቻናል ጥቅሎች ሦስቱን ብቻ ነው የሚለቁት። ሙሉውን የምታገኘው ከኤምሊ ሙር ነው፤ ከሊድስ በስተደቡብ ያለው፣ 330 ሜትር የሚረዝመው የኮንክሪት ማማ።

አንቴናው ወደዚያ ይዙር፣ ዘንጎቹም አግድም ይሁኑ። ለትንንሾቹ ማሰራጫዎች በአብዛኛው በቁም ነው የሚታሰረው፤ የጎረቤት ጣሪያ አይተህ መለየት ትችላለህ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ቻናሎቹን እንደ አዲስ እንዲፈልግ አድርግ። ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) አሁን አትግዛ፤ ለማማው ቅርብ ከሆንክ ሲግናሉን ከልክ በላይ አጉልቶ ጭራሽ ያበላሸዋል። ጣሪያ ላይ ግን እባክህ ራስህ አትውጣ፣ ባለሙያ ጥራ።