ጀርመን ገብተሽ ሥራ ሳትጀምሪ፦ ከባንክ ሒሳቡ፣ ከታክስ ቁጥሩ ወይስ ከአድራሻ ምዝገባው ልጀምር ላልሽው

የአድራሻ ምዝገባውን፣ አንሜልዱንጉን አስቀድሚ። ባንኩ የምዝገባ ወረቀት አምጪ፣ ቀጣሪሽ የታክስ ቁጥር አምጪ እያሉሽ መሃል ላይ የቀረሽው እሱ ስለሌለሽ ነው። ሕጉም ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመዝገቢ ይላል።

1. አከራይሽን ቤቱ መግባትሽን የሚያረጋግጠውን ቅጽ አስፈርሚ። የኪራይ ውሉ ብቻውን አይበቃም።
2. ቡርገርአምት (የነዋሪዎች ጉዳይ ቢሮ) ቀጠሮ ያዢ። ቅርብ ቀን ካጣሽ የተገኘውን ያዢና ጠዋት ጠዋት ድረ ገጹን እይ፤ ሰው የሰረዘው ቀጠሮ ብቅ ይላል። በርሊን ከሆንሽ የግድ የሰፈርሽ ቢሮ መሆን የለበትም።
3. የተፈረመውን ቅጽና ፓስፖርትሽን ይዘሽ ሂጂ።

11 አሃዝ ያለው የታክስ ቁጥር ከዚያ በኋላ በፖስታ ይመጣል፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቢዘገይም ሥራ ከመጀመር አያግድሽም። ምናልባት የመጀመሪያ ደመወዝሽ ላይ ከፍተኛው በሚቆረጥበት በስድስተኛው የታክስ ምድብ ጠንከር ያለ ታክስ ይቆረጥ ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲገባ ይስተካከላል። የጤና መድኅኑን ግን ለነገ አትበይ።

ደግሞ ዛሬውኑ ስምሽን ፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፊ። እዚህ አገር ፖስተኛው ሕንፃው ጋ ሲደርስ የሚፈልገው የአፓርታማ ቁጥር ሳይሆን ስም ነው። ከሰው ጋር ተዳብለሽ ሳጥኑ ላይ ያለው የአከራይሽ ስም ብቻ ከሆነ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። «ቁጥሬ አልመጣም» ብለው ሲያማርሩ ከሰማኋቸው የብዙዎቹ ጣጣ ይኸው ነበር። በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ብትጽፊውም ይሠራል፤ ብቻ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው፣ ከነአባትሽ ስም ይሁን።