ዓሣ በየትኛው «ሣ» ይጻፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
የዚህ ወር ጥያቄዎች ከሀዋሳ የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ አማርኛ አጻጻፍ ስለሆኑ በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ከአሞራ ገደል ብዙ በማይርቅ ሱቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ እጽፋለሁ። ዓሣ ከሚሸጡ ደንበኞቼ አንዱ ‹አሳ›፣ ሁለተኛው ‹ዓሣ›፣ ሦስተኛው ‹ዐሳ› ብለህ ጻፍ ይሉኛል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ‹ተሳስተሃል› የሚል መንገደኛ አይጠፋም። ሀ ከሐ፣ ሰ ከሠ በጆሮ የማይለይ ከሆነ በምን ልለየው?»

መልስ፦ ትክክለኛው «ዓሣ» ነው፤ ዐይኑ ዓ፣ ንጉሡ ሣ። ቃሉ በግዕዝም ያው «ዓሣ» ነው።

በጆሮ አይለይም ማለትዎ ልክ ነው። ግዕዝ በሚነገርበት ዘመን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። አማርኛ ድምፆቹን አንድ አደረጋቸው፣ ፊደሎቹን ግን ሁሉንም ወረሰ። ስለዚህ ፊደሉን የሚወስነው የቃሉ ዘር ነው። የፊደል አስተማሪዎች ለእነዚህ ሞክሼዎች ስም ያወጡላቸው ለዚሁ ሲሆን፣ ስሙ ራሱ ማስታወሻ ነው። ሃሌታው ሀ «ሃሌ ሉያ» የሚጻፍበት፣ ሐመሩ ሐ «ሐመር» ማለትም መርከብ የሚጻፍበት፣ ብዙኃኑ ኀ ደግሞ «ብዙኃን» የሚጻፍበት ነው። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እነዚህን ዘጠኝ ስሞች በቃሉ የያዘ ሰው ዘጠኝ ቃላትን በትክክል መጻፍ ቻለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከነቤተሰቡ ይያዙት። አንድ ዘር ያላቸው ቃላት አንድ ፊደል ይጋራሉ። ጸሐፈ ካሉ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ፣ መጻሕፍት፣ ጸሐፊ ሁሉም በጸሎቱ ጸ እና በሐመሩ ሐ ይጻፋሉ፤ «መፅሃፍ» የሚለው በሁለቱም ፊደል ይስታል። ኅብረት፣ ማኅበር፣ ማኅበራዊ የብዙኃኑ ኀ ቤተሰብ ናቸው። ሥራ፣ ሠራተኛ፣ መሥሪያ ቤት በንጉሡ ሠ ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ አንድ ቃል ሲያጠኑ አምስት ያተርፋሉ።

ፊደሉ ትርጉም የሚለይበት ቦታ ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። «ሰረቀ» የሌባ ነው፤ «ሠረቀ» ደግሞ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፤ «ምሥራቅ» በንጉሡ ሠ የሚጻፈውም ስለዚህ ነው። «አመት» በግዕዝ ገረድ፣ «ዓመት» ግን አሥራ ሁለቱ ወርና ጳጉሜን ነው። «ድኅነት» መዳን፣ «ድህነት» ድሃ መሆን ነው። ከሁሉም የሚገርመው «ተማረ» ነው። አንዱ ትምህርት ቀሰመ፣ ሌላው ምሕረት አገኘ ማለት ነው፤ በግሱ ላይ ልዩነቱ ጠፍቷል፣ በስሞቹ ላይ ግን ቀርቷል። የመጀመሪያው ከ«መሀረ» ስለመጣ ትምህርት፣ መምህር በሃሌታው፣ ሁለተኛው ከ«መሐረ» ስለመጣ ምሕረት በሐመሩ ይጻፋል። «ባህል» በሃሌታው፣ «ባሕር» በሐመሩ መሆኑንም አብረው ይያዙት።

ለእርስዎ ሥራ በየቀኑ የሚያስፈልጉት ብዙ አይደሉም። ሥጋ ቤት (ንጉሡ ሥ)፣ መድኃኒት ቤት (ዳነ ከሚለው ስለሆነ ብዙኃኑ ኃ)፣ ሕክምና (ሐመሩ ሕ)፣ ሰዓት ጥገና (እሳቱ ሰ፣ ዐይኑ ዓ)። ጸጉር ቤት በጸሎቱ ጸ ነው፤ በየመንገዱ «ፀጉር» ተብሎ ስለሚታይ ትክክል አይሆንም። ፀሐዩን ፀ ለፀሐይ፣ ለሕፃን፣ ለድምፅ፣ ለፅንስ፣ ለዕፅ ያቆዩት።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። ጽሑፉን የሚያከብሩ መስሏቸው «ሠላም ሆቴል»፣ «ሐገር ልብስ» የሚያስጽፉ ደንበኞች አሉ። ሰላምም ሰውም ሰማይም በእሳቱ ሰ፣ ሀገርም ሃይማኖትም ብርሃንም በሃሌታው ሀ ናቸው። ከውጭ ቋንቋ ለመጡ ቃላት፣ ለሆቴል፣ ለሳሙና፣ ለአውቶቡስ፣ ተራዎቹ ሀ፣ ሰ እና አ ይበቃሉ።

ሲጠራጠሩ ሁለት መንገድ አለ። ትግርኛ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ ዛሬም በድምፅ ይለያል፤ ስለዚህ ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት «ዓመት» ወይም «ሕግ» የሚለውን በቋንቋው ሲጠራ ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ ይሰሙታል። ለሰና ሠ፣ ለጸና ፀ ግን ይህ አይረዳም፤ መዝገበ ቃላት መግለጥ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛው (1962 ዓ.ም.) ለዚህ አስተማማኝ ናቸው። ብዙ ሰው ገልጦ የሚያጣው የተደረደሩት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ስለሆነ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል አ ነው። በግዕዙ መዝገብ ደግሞ ትምህርትን በ«ት» አይፈልጉት፤ መነሻውን «ት» ነቅለው በግሱ፣ በ«መሀረ» ሥር ይሂዱ።

ከመቀባትዎ በፊት ጽሑፉን በወረቀት ላይ አስፍረው ሞክሼ ፊደል ያለበትን ቃል ሁሉ ያክብቡ፤ ከዚያ ደንበኛው አይቶ ይፈርም። ከቀለም በኋላ የሚነሣ ክርክር የሚያስከፍለው ቆርቆሮውን ነው።

ጥያቄ፦ «የከተማችን ስም ሀዋሳ ነው ሐዋሳ? አዋሳ የሚሉስ ተሳስተዋል?»

መልስ፦ ሀዋሳ። ስሙ የሲዳማ እንጂ የግዕዝ ቃል ስላልሆነ ሐመሩን ሐ የሚያስጠራ ምክንያት የለም። «አዋሳ» በቀድሞ መጻሕፍትና ካርታዎች ላይ የተለመደው አጻጻፍ ነው፤ የቆየ ሰነድ ሲጠቅሱ እንዳለ ይተዉት፣ በራስዎ ጽሑፍ ግን ሀዋሳ ይበሉ። ሐይቅ ግን የግዕዝ ቃል ነውና በሐመሩ ይጻፋል። «ሀዋሳ ሐይቅ» ሲባል ሁለቱ ፊደሎች የተለያዩ መሆናቸው ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ «አቶቴ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። የ12 ዓመት ልጄ ሲዳሙ አፎን (የሲዳማን ቋንቋ) በላቲን ፊደል አሳምሮ ይጽፋል። አማርኛ ሲጽፍ ግን ‹ነዉ›፣ ‹ነገ እመጣለው›፣ ‹ዉሻዉ› ይላል። ደብተሩ በቀይ እርማት ተሞልቶ ይመጣል። ቤት ውስጥ እንዴት ላለማምደው?»

መልስ፦ እናት፣ ልጅዎ የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ በላቲን ፊደል የለመደው ይህንኑ ስለሆነ አይፍረዱበት። ነገር ግን እነዚህ ስሕተቶች ከሀና ሐ ይልቅ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። «ሀይቅ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢ ይረዳዋል፤ «አለው» እና «አለሁ»ን ሲያምታታ ግን ሐሳቡ ሌላ ይሆናል። «ቤት አለው» እርሱ ቤት አለው፣ «ቤት አለሁ» እኔ ቤት ውስጥ ነኝ ነው።

ለዚህ አንድ መፈተኛ ያስተምሩት፦ ባለቤቱ «እኔ» የሆነውን ዐረፍተ ነገር ወደ «አንተ» ይለውጠው። «እመጣለሁ» «ትመጣለህ» ይሆናል፤ «በልቻለሁ» «በልተሃል» ይሆናል። ህ ወይም ሃ ብቅ ካለ መጻፍ ያለበት «ሁ» ነው። «አለው» ግን የ«እርሱ» ስለሆነ ወደ «እርሷ» ይለወጣል፤ ያኔ «አላት» ስለሚሆን «ው» ነው። ይህ ፈተና አምስት ሰኮንድ አይፈጅም።

ው እና ዉ ሌላ ነው። «ነው» ሁልጊዜ በሳድሱ ው ነው። በአናባቢ በሚያልቅ ቃል ላይም ሳድሱ ይጨመራል፦ ውሻ፣ ውሻው፤ ሥራ፣ ሥራው። ካዕቡ ዉ ሥራ የሚያገኘው ቃሉ ራሱ በው ሲያልቅና «ያ የታወቀው» ለማለት ስንፈልግ ነው፦ ሰው ማንም ነው፣ ሰዉ ያ ሰው፤ ጨው በጠቅላላው፣ ጨዉ ማድጋው ውስጥ ያለው። ልጁ ይህን አንዴ ከተረዳው «ነዉ»ን ራሱ ይጥለዋል።

ልምምዱ በቀን 10 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይበቃል። ነጠላ ቃል አያስጽፉት፤ ሁ እና ው የሚለዩት በዐረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ ነው። ስድስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ያንብቡለት፤ በሁለቱ «እኔ»፣ በሁለቱ «እርሱ አለው»፣ በሁለቱ «ነው» ይግባባቸው። ጽፎ ሲጨርስ እርስዎ አያርሙለት። መጽሐፉን ወይም የእርስዎን ወረቀት አጠገቡ አድርጎ ራሱ ያነጻጽር፤ የሳተውን ቃል ብቻውን አሥር ጊዜ ከመገልበጥ ዐረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ መልሶ ይጻፈው። ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሳያስጠነቅቁ ይድገሙለት። የሳታቸው ብቻ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፉ። ሞክሼ ፊደሎችን ከዚህ ጋር አያደባልቁበት፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት የጀመረ ልጅ ሁለቱንም ያምታታል።

አንድ ነገር ይጨመር። ሲዳሙ አፎ በላቲን ሲጻፍ የሚጠብቅ ድምፅ ፊደሉ ይደገማል፤ አማርኛ ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። ስለዚህ «ገና» በዓሉም ሊሆን ይችላል፣ «ገና አልመጣም»ም ሊሆን ይችላል፤ «ሰፊ» ጠባብ ያልሆነውም ልብስ የሚሰፋውም ነው። ልጁ ፊደል በመድገም ለማጥበቅ ቢሞክር አይገረሙ፤ ጮክ ብሎ ሲያነብ ከዐረፍተ ነገሩ እንዲለየው ያድርጉት።

ጥያቄ፦ «በጽሕፈት ሥራ ላይ ነኝ። ‹አዕምሮ›፣ ‹ማዕከል›፣ ‹ርዕስ› ብዬ ስጽፍ አንዳንዱ ያርመኛል፣ አንዳንዱ ዝም ይለኛል።»

መልስ፦ ያረሙዎት ልክ ናቸው። አእምሮ፣ ማእከል፣ ርእስ፣ ጉባኤ፣ ተአምር ሁሉም በአልፋው አ ናቸው። ዐይኑ ዐ በቃል መካከል የሚገባው በሥዕል፣ በመሥዋዕት፣ በበዓል፣ በሰዓት ነው። «ስሕተት» የሚለው ቃል ራሱም ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ይጻፋል፤ በሐመሩ ሕ ነው።

የሥራ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ድርብ ብዜትን ይጠብቁ። ቃላት፣ ሕፃናት፣ መምህራን፣ ገዳማት በግዕዙ ሥርዐት በዝተው ያለቁ ስለሆኑ «ቃላቶች»፣ «መምህራኖች» ሁለት ጊዜ ማብዛት ነው። «ቃሎች» ወይም «ቃላት»፣ አንዱን ይምረጡ።

አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የሚሠሩ ከሆነም ይተዉት። «፡፡» ለኮምፒውተሩ ሁለት ምልክት ስለሆነ በመስመር ጫፍ ላይ ሊሰነጠቅና ግማሹ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በቆዩ ፋይሎች ላይ «፡፡»ን ፈልጎ በ«።» መተካት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስተካክላል፤ ቀጥለው ከ«።» በፊት የቀረውን ባዶ ቦታ ያጥፉ።

ጥያቄ፦ «የምሠራው መዝገብ ክፍል ነው። ባለጉዳይ ስሙን ይነግረኛል፣ ኮምፒውተሩ ‹የለም› ይለኛል፤ ፋይሉ ግን አለ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ለእኛ አንድ የሆነው ሰና ሠ ለኮምፒውተሩ ሁለት ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ይቁጠሩ፦ መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ፣ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። 12 አጻጻፍ ሆነ። «ኃይለ ሥላሴ» 24፤ ተያይዞና ተለያይቶ ሲጻፍ 48።

የሰውን ስም ግን አያርሙ። መታወቂያው ላይ «ፀሃይ» ካለ በመዝገቡም «ፀሃይ» ይቆይ፤ ያለዚያ ሁለቱ ሰነዶች የሁለት ሰዎች ይመስላሉ።

መዝገቡ የተያዘው በኤክሴል ሠንጠረዥ ከሆነ መፍትሔው ከስሙ ዐምድ ጎን አንድ የመፈለጊያ ዐምድ መክፈት ነው። ስሞቹን ወደዚያ ይቅዱና በአዲሱ ዐምድ ላይ ብቻ ይተኩ፦ ሐን በሀ፣ ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ። እያንዳንዱን ሰባቱንም ዘር መተካት ስላለብዎ 35 ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ ሃን በሀ፣ ኣን በአ ይተኩ፤ በጠቅላላው 37። እነዚህን ሁለቱን አስቀድመው ከተኩ ከሓ፣ ከኃ እና ከዓ የሚመጡት ስለሚያመልጡዎት ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። ከዚያ በስሞቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ያጥፉ። ባለጉዳይ ሲመጣ ስሙን በእነዚሁ አራት ተራ ፊደሎች፣ በሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ፣ ሳይለያዩ በመፈለጊያው ዐምድ ይፈልጉ፤ ደብዳቤ ሲያወጡ ግን ስሙን ከመጀመሪያው ዐምድ ይውሰዱ።