የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስናርም ዓይናችን ወዴት ይመለስ?

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂያችን «ኢች ኦፍ ዘ ስቱደንትስ ሃድ ቱ ሪድ ዜር ኤሴይ፣ ማርክ ዘ ኤረርስ፣ ኤንድ ሪራይቲንግ ኢት» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲያርሙ ተሰጥቷቸው፣ የሆነ ነገር እንደሚጎረብጥ ቢሰማቸውም የትኛው ቃል መለወጥ እንዳለበት ለመለየት ተቸግረዋል። የፓራለሊዝምንና (በመስተጻምር የተያያዙ ክፍሎች አንድ ዓይነት ቅርጽ ይኑራቸው የሚለውን) የተውላጠ ስም ስምምነትን (ተውላጠ ስም ከሚተካው ስም ጋር በቁጥር ይስማማ የሚለውን) ደንቦች በቃላቸው እንደሚያውቋቸው፣ ፈተና ላይ ግን ስሕተቱ እንደማይታያቸው ጽፈዋል። እንግሊዝኛ ሰዋስው ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከዚህ የበለጠ ተደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ ስለሌለ፣ መልሱን በዚሁ ዓረፍተ ነገር ላይ እየሠራሁ ላስረዳ።

በእኔ ልምድ ሁለቱ ስሕተቶች የሚገኙት በአንድ መንገድ ነው፤ ይኸውም ወደ ኋላ ተመልሶ በማየት ነው። ስናነብ ዓይናችን ወደ ፊት ብቻ ስለሚሮጥ፣ የመጨረሻው ቃል ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው እንዴት እንደነበር ረስተነዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ «ኤንድ» የሚለውን መስተጻምር ያክብቡትና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ቃል ይመልከቱ። «ሪራይቲንግ» ይላል። አሁን ወደ ኋላ ተመልሰው ጓደኞቹን ይፈልጉ፤ «ሪድ» እና «ማርክ» ናቸው፤ ሦስቱም የሚንጠለጠሉት «ሃድ ቱ» በሚለው ላይ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ከዚህ ማንጠልጠያ ጋር ያንብቡት። «ሃድ ቱ ሪድ» ይሄዳል፣ «ሃድ ቱ ማርክ» ይሄዳል፣ «ሃድ ቱ ሪራይቲንግ» ግን አይሄድም። ስለዚህ «ሪራይት» መሆን አለበት።

ይህ ስሕተት ለምን ያመልጠናል ለሚለው ከራሳችን ቋንቋ የሚነሣ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። እኛ ተከታታይ ድርጊቶችን ስንናገር «ድርሰቱን አንብቦ፣ ስሕተቱን ለይቶ፣ እንደገና ጻፈው» እንላለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቦዝ አንቀጽ ሲሆኑ፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው የመጨረሻው ግስ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ከፊተኞቹ በቅርጽ መለየቱ በአማርኛ ስሕተት ሊባል ቀርቶ ግዴታ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ በ«ኤንድ» የተያያዙት ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ጆሯችን የመጨረሻውን ግስ በሌላ ቅርጽ መስማት ስለለመደ፣ «ሪራይቲንግ» ሲመጣ ማንቂያ ደወሉን አይደውልልንም። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ተማሪዎቼን «በጆሮ አትፍረዱ፣ በማንጠልጠያው ፈትኑ» እላቸዋለሁ።

አንድ ዓይነት ቅርጽ ስንል አንድ ዓይነት ቃል ማለታችን እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። አብርሃም ሊንከን በ1863 ጌቲስበርግ ላይ ባደረገው ንግግር የተጠቀመበትን፣ እኛም «የሕዝብ፣ በሕዝብ፣ ለሕዝብ» እያልን የለመድነውን አነጋገር ያስታውሱ። በእንግሊዝኛው «ኦፍ»፣ «ባይ» እና «ፎር» የተለያዩ ቃላት ቢሆኑም ሦስቱም መስተዋድድ ናቸው፤ የሚከተላቸውም ያው አንድ ስም ነው። ሚዛኑን የጠበቀው የሐረጎቹ አሠራር ነው።

ወደ ተውላጠ ስሙ እንመለስ። «ዜር» የሚለውን ሲያገኙ «የማን?» ብለው ይጠይቁና ባለቤቱን ወደ ኋላ ይፈልጉ። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቅርብ በሆነው «ስቱደንትስ» ላይ ነው፤ እሱም ብዙ ስለሆነ ሁሉም ነገር የተስማማ ይመስላል። ነገር ግን «ስቱደንትስ» በ«ኦፍ» ሥር የገባ ስለሆነ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሊሆን አይችልም። አንዲት ተማሪዬ ለሳምንታት ይህን ስትስት ከቆየች በኋላ፣ «ኦፍ ዘ ስቱደንትስ» የሚለውን በአውራ ጣቷ ሸፍና የቀረውን እንድታነብ ነገርኳት። ከጣቷ ግራ የቀረው «ኢች» ብቻ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና «ለካ አንድ ነው!» አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ስትስት አላየኋትም። «ኢች»፣ «ኤቭሪዋን»፣ «ኤኒባዲ»፣ «ኖባዲ»፣ «አይዘር» እና «ናይዘር» በመደበኛው ደንብ ነጠላ ናቸው፤ «ፊው»፣ «ሜኒ» እና «ሰቨራል» ብዙ ናቸው። «ሰም»፣ «ኦል» እና «ሞስት» ግን ከዚህ ይለያሉ፤ ለእነሱ ጣታችንን አንሥተን «ኦፍ» ሥር ያለውን ስም ማየት ግድ ነው።

በመደበኛው ደንብ እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ «ኢች ኦፍ ዘ ስቱደንትስ ሃድ ቱ ሪድ ሂዝ ኦር ኸር ኤሴይ፣ ማርክ ዘ ኤረርስ፣ ኤንድ ሪራይት ኢት» ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቀኝነት መናገር አለብኝ። «ዜይ» እና «ዜር» ለነጠላ ሰው ሲያገለግሉ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያም በ2019 በወጣው 7ኛ እትሙ ይህን አጠቃቀም ደግፎታል። ስለዚህ በንግግር ወይም በዘመናዊ ጽሑፍ «ዜር» ያለን ሰው ተሳስተሃል ማለት ተገቢ አይመስለኝም። በሰዋስው ፈተና ግን ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ «ኢች» እና «ዜር» ፊት ለፊት ከቀረቡ፣ የሚፈለገው ያ ቦታ መሆኑን ይገምቱ።

በራስዎ ጽሑፍ የምመርጠው መፍትሔ ባለቤቱን ራሱን ወደ ብዙ መለወጥ ነው፤ ሆኖም ይህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ኦል ዘ ስቱደንትስ ሃድ ቱ ሪድ ዜር ኤሴይስ፣ ማርክ ዘ ኤረርስ፣ ኤንድ ሪራይት ዜም» ብለን ብናስተካክል ስምምነቱ ይጠበቃል፤ ግን «ዜም» ማንን ነው የሚያመለክተው? ድርሰቶቹን ወይስ ስሕተቶቹን? ቀድሞ «ኢት» ነጠላ ስለነበር ከድርሰቱ በቀር የሚያመለክተው አልነበረውም፤ አሁን ሁለት ብዙ ስሞች ተወዳዳሪ ሆነዋል። እዚህ ላይ ተውላጠ ስሙን ትቶ «ሪራይት ዘ ኤሴይስ» ማለት ይሻላል። አንዱን ቃል ያረመ ሰው፣ በዚያ ቃል ላይ የተመረኮዙትን ሁሉ ዳግመኛ ማየት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ደንቦች በአንድ ቦታ የሚገናኙት ንጽጽር ላይ ነው። «ዘ ሩልስ ኦፍ ቼስ አር ሃርደር ዛን ቼከርስ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የአንዱን ጨዋታ ሕጎች ከሌላው ጨዋታ ከራሱ ጋር ያወዳድራል፤ ሕግ ደግሞ መወዳደር ያለበት ከሕግ ጋር ነው። ስለዚህ «ዛን ዞዝ ኦፍ ቼከርስ» እንላለን፤ «ዛት» ሳይሆን «ዞዝ» የሆነውም «ሩልስ» ብዙ ስለሆነ ነው። በአማርኛ «የቼዝ ሕጎች ከዳማ ይከብዳሉ» ብንል ሰሚው ጉድለቱን በራሱ ሞልቶ ስለሚረዳን፣ ይህኛው ስሕተት ጎበዝ ተማሪዎችንም ሲጥል አይቻለሁ።

ጥንድ መስተጻምሮችን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። «ሺ ኖት ኦንሊ ራይትስ ፖየምስ በት ኦልሶ ስቶሪስ» ስንል «ኖት ኦንሊ»ን የተከተለው ግስ፣ «በት ኦልሶ»ን የተከተለው ግን ስም ነው፤ «ራይትስ»ን ወደ ፊት አውጥተን «ሺ ራይትስ ኖት ኦንሊ ፖየምስ በት ኦልሶ ስቶሪስ» ስንል ይስተካከላል። በ«ናይዘር» እና «ኖር» የተያያዙ ሁለት ባለቤቶች አንዱ ነጠላ ሌላው ብዙ ከሆኑ፣ ግሱም ተውላጠ ስሙም የሚስማማው ከቀረበው ጋር ነው፤ ብዙውን ኋላ ማስቀመጥ ዓረፍተ ነገሩን ያለሰልሰዋል።

ለፈተና የሚዘጋጁ ከሆነ ጊዜውንም ያስቡበት። ቶፍል አይቲፒ በሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና፣ በደረጃ አንድ የሰዋስው ክፍል 40 ጥያቄዎች በ25 ደቂቃ ይሠራሉ፤ ከእነሱ 25ቱ ከተሰመረባቸው አራት ቦታዎች ስሕተቱን የሚያስለዩ ናቸው። ለአንድ ጥያቄ ከ40 ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ስለሚደርስዎ ሁሉንም ደንብ በየተራ መሞከር አይቻልም። ከተሰመረባቸው ቦታዎች አንዱ በመስተጻምር ከተያያዘ ዝርዝር ውስጥ ከሆነ ከእሱ ይጀምሩ፤ ተውላጠ ስም ካለ ሁለተኛ እሱን ይዩ። በቤትዎ ሲለማመዱ ግን አይቸኩሉ፤ ከእያንዳንዱ ተውላጠ ስም ወደ ባለቤቱ፣ ከ«ኤንድ» በኋላ ካለው ቃል ወደ ማንጠልጠያው በእርሳስ ቀስት ይሳሉ፤ ቀስቱ የሚያርፍበት ቦታ ሲጠፋዎት መታረም ያለበትን ቃል አግኝተውታል ማለት ነው።