የምት ጥልቀት የተለያየባቸው ሁለት ቀለሆች ከአንድ ክላሽ ሊወጡ ይችላሉን?

ከድሬዳዋ የጻፉልን መርማሪ፣ ተኩስ ከተሰማበት ከደቻቱ አሸዋ ዳር ሁለት የክላሽ ቀለሆች አንስተዋል። በአንደኛው ላይ የመርፌው ምት ጠልቋል፤ በሌላው ላይ ስስ ነው፤ አስፈንጣሪው (ባዶውን ቀለህ ወደ ውጭ የሚወረውረው ክፍል) ያሳረፈው ምልክት ግን በሁለቱም ግርጌ ላይ በአንድ አቅጣጫ ይታያል። ተኳሹ መሣሪያ አንድ ነው ወይስ ሁለት ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከጠቀሷቸው ምልክቶች አንዳቸውም ብቻቸውን ይህን አይወስኑም። የምቱ ጥልቀት መርፌው የሚመታው የካፕሱሉ (በቀለሁ ግርጌ ተተክሎ ባሩዱን የሚለኩሰው ቆብ) ብረት በመጠንከሩ ወይም በመሳሳቱም ስለሚለያይ፣ አንድ ክላሽ የሁለት ፋብሪካ ጥይት ቢጎርስ ሁለት ዓይነት ምት ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድመው በቀለሆቹ ግርጌ የተቀረጸውን የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት ያነጻጽሩ። አስፈንጣሪው በበኩሉ በክላሽ ላይ በግራው ሐዲድ የተተከለ በመሆኑ፣ የምልክቱ አቅጣጫ የሚናገረው የመሣሪያውን ዓይነት እንጂ ማንነቱን አይደለም። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይኸኛው ይመስለኛል።

አንዱን መሣሪያ ከሌላው የሚለዩት ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ግፊት ካፕሱሉን ቀለሁን ከኋላ ከሚደግፈው ከመዝጊያው ፊት ጋር ስለሚያላትመው፣ መዝጊያው በተሠራበት ጊዜ የቀሩበት የመቁረጫ ስለት ጭረቶችና በአገልግሎት የመጣው መፋቅ በካፕሱሉ ላይ ይታተማሉ። ባለሙያው ሁለቱን ቀለሆች በንጽጽር ማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን አስቀምጦ ብርሃኑን ከጎን ዝቅ አድርጎ ሲያበራባቸው፣ ጭረቶቹ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ጎልተው ይወጣሉ፤ የአንዱ ትልም የማይክሮስኮፑን እይታ ለሁለት በሚከፍለው መስመር ላይ ከሌላው ጋር ሳይሰበር መቀጠል አለመቀጠሉ ይመረመራል። በአንድ ስለት ተከታትለው የተቆረጡ መዝጊያዎች ተመሳሳይ ጭረት ሊጋሩ ስለሚችሉም የመርፌው ጫፍ፣ ቀለሁን ስቦ የሚያወጣው የመንጠቂያውና የጥይት መጉረሻው ምልክቶች አብረው ይታያሉ። ማስረጃው ካልበቃ «መወሰን አልተቻለም» ማለት ተገቢ ውጤት ነው።

ዘዴው የመሣሪያዎችን ብዛት ለማወቅም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1929 በቺካጎ ሰባት ሰዎች በተገደሉበት ወንጀል የጦር መሣሪያ ምርመራ ባለሙያው ካልቪን ጎዳርድ ከቦታው የተሰበሰቡትን 70 የቶምሰን ጠመንጃ ቀለሆች መርምሮ ከሁለት መሣሪያዎች እንደወጡ ለይቷል።

አሁን በእጅዎ ያሉትን ቀለሆች ግን አይወልውሉ፤ በተለይ በሽቦ ብሩሽ። በየራሳቸው የወረቀት ፖስታ ያኑሯቸው፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ እየተፋጩ አዲስ ጭረት ይፈጥራሉ፣ ርጥብ አሸዋ ይዘው በፕላስቲክ ከታሸጉ ደግሞ የብረት ቀለህ ይዝጋል። ቁጥሩን በፖስታው ላይ ይጻፉ እንጂ ቀለሁን አይጫሩ። በካፕሱሉ ዙሪያ ያለው ቀለም ጭረቱን ሸፍኖት ቢያዩም ማንሳቱን፣ ከፎቶና ከአሻራ ምርመራ በኋላ፣ ለላቦራቶሪው ይተዉ። ያልተተኮሰ ጥይት ካገኙም አብረው ይላኩ፤ የክላሽ መርፌ በጸደይ የማይያዝ ስለሆነ ሲያቀባብሉት ብቻ ካፕሱሉን ነካ አድርጎ ትንሽ ነጥብ ይተዋል።

ተጠርጣሪ ክላሽ ከተያዘ፣ አፈሙዙን አይጥረጉ፣ ለሙከራም አይተኩሱበት። የሙከራ ተኩሱ በላቦራቶሪ፣ ከተቻለም በዚያው ፋብሪካ ጥይት ይፈጸማል። ደግሞም የመዝጊያው ቁጥር ከመሣሪያው ሳጥን (መዝጊያው ከሚገባበት አካል) ቁጥር ጋር መግጠሙን መዝግበው ይላኩ፤ የክላሽ መዝጊያ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊቀየር ስለሚችል በካፕሱሉ ላይ ያለው ጭረት የሚመሰክረው ስለ መዝጊያው ነው፤ ስለ አፈሙዙ የሚመሰክረው ከሰውነት ወይም ከግድግዳ የወጣው የጥይት እርሳስ ነው።