ከስም ጠሪው ጀምሩ

ልጆቼ፣ ጎጃም ውስጥ ማስተማር የጀመራችሁ፣

አንዳንዶቻችሁ እኩልነትን እንዴት እንደምታስተምሩ ጠይቃችሁኛል። ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሚኒ ሚዲያ ላይ የሚነበበውን ግጥም አልቃወምም፤ ይነበብ። እናንተ ግን ከስም ጠሪው ጀምሩ፤ ስማቸው መዝገቡ ላይ ካለው ልጆች።

ክፍል ስትገቡ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ እዩ። የቀጥቃጭ ልጅ ዴስኩን ለብቻው ይዞ ካያችሁት፣ ዝምታ ስለሚወድ አይምሰላችሁ። «ቡዳ ነው» ተብሎ ነው። የሸክላ ሠሪዋም ልጅ ያው ናት። ባሕር ዳርና ጣና ዳር ደግሞ የወይጦ ልጆች ታገኛላችሁ። ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁ ናቸው። አያቶቻቸው ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ዛሬም የሚጠየፋቸው አለ። ስለ ሐይቁ የምታስተምሩ ቀን አንዱን አባት ጥሩና ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር ያሳይ። ልጁ በእረፍት ሰዓት እንዴት እንደሚራመድ ያኔ ታያላችሁ።

መቀመጫ ስትቀይሩ የሁሉንም ቀይሩ። አንዱን ብቻ ካነሣችሁ አዋረዳችሁት። «ልጄን ከእሱ ጋር አታስቀምጥብኝ» የሚል ወላጅ ይመጣል፤ አይቀርም። አትቆጡት። «ደንቡ ለሁሉም ነው» በሉትና ቡና ጋብዙት። እኔ በዚህ መንገድ ብዙ ጠላት አላፈራሁም። ጥቂት አፍርቻለሁ።

«ይሄ የዘመኑ ወሬ ነው» የሚላችሁም አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አውጀዋል። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ጸሐፊው ጠንቋይ ይባል እንደነበር አዋጁ ራሱ ይናገራል። ጸሐፊውም! እኛ ብዕር የያዝነውም ከተሰዳቢዎቹ ነበርን ማለት ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አዋጅ ግን ማንንም ከማንም ጋር ዴስክ ላይ አያስቀምጥም።

ጠቆር ያለ ልጅ በባሪያ ስም ሲጠራ «ቀልድ ነው» ይሏችኋል። መተከል ድሮ ከጎጃም ጋር ነበር። እዚያ የጉሙዝ ሰው ለባርነት ሲታደን ኖሯል። ይህን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ዘላችሁ ካለፋችሁ፣ ተማሪው ቀልዱ ከየት እንደመጣ በምን ያውቃል?

ደግሞ ስለዚህ ነገር ጻፉ። «ማኅበራዊ መገለል» ብላችሁ ከጀመራችሁ የሚያነባችሁ ዎርክሾፕ የለመደ ሰው ብቻ ነው። «ሠርግ ላይ ለእነ እከሌ ዋንጫው ለብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። የሰፈሩ ሰው ይቀየማችኋል፤ ግን አንብቦ ነው የሚቀየመው።

ስትጽፉ የልጁን ስም እንዳታወጡ። ነገ እዚያው ገበያ የሚወጣው እሱ ነው። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ለቤተሰቡ አንብቡላቸው። «ይቅርብን» ካሉ ይቅር።